ሁለት ገጽ

ዝንብ ቢሰበሰብ፣ ጋን አይከፍትም አሉ፤
እሷ ሰበሰበች፣ አርባ ዓመት ሙሉ።
የሥጋ ቤቱን ዝንብ፣ የጉድፉን አይደለም፤
ስሙን በቁልምጫ የጠራው ሰው የለም፤
የእንጉዳይ ዝንብ ነው፣ ከቅንድብ የሳሳ፣
ጥላ ሥር ተወልዶ፣ ጥላ ሥር የሚረሳ።

ልጅ ሳለች፣ በመጸው፣ ሚልዳ እናቷ
እንጉዳይ ስትከትፍ በጠባብ ማጀቷ፣
ትል የጀመረውን ለይታ ስትጥል፣
ልጅቷ ተደብቃ ትለቅማለች ትል፤
በብርጭቆ አኑራ፣ ካልጋ ሥር ሸሽጋ፣
ክንፍ አውጥቶ እንደሆን ታያለች ሲነጋ።

ታርቱ ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስተኛው ፎቅ ጫፍ ላይ፣
ራዲያተር ሲያንኳኳ፣ በረዶው ሲታይ፣
ሄልዩ ራውድኪቪ፣ በሃያ ስድስቷ፣
ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቶ ፊቷ፣
ከሶማ ረግረግ ያጠመደችውን
ወንድ ዝንብ ገልብጣ፣ የጅራቱን መቆንጠጫውን
ቆጠረች፤ ደገመች፤ ሣለች በቀለም፤
«ይሄ አዲስ ነው» አለች፤ «መዝገብ ላይ የለም።»
ስም አወጣችለት፣ ሚልዳ፣ በእናቷ።
ሚልዳ ስትሰማ፣ በሳቅ ታመመ አንጀቷ፦
«ላም እንኳ ብትሆን ምን ነበረ!» ብላ፤
ወረቀቱን ግን ወስዳ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣
ከሳይቤሪያ ካልመጣው ባሏ ፎቶ ጋራ
ሳጥኗ ውስጥ ከተተች፣ ቁልፉን አዙራ።

በሩሲያኛ ጽፋ፣ ሌኒንግራድ ተሟገተች፤
በዚያው ዝንብ ጀርባ ላይ ዶክተር ሆና ወጣች።
መንግሥት ተለወጠ፣ ገንዘብ ተለወጠ፣
የበሩ ጽሑፍ ቋንቋው ተገለበጠ፤
እሷ ያው ወንበር ላይ፣ ያው ሹራብ፣ ያው መነጽር፣
ረዳት፣ ሌክቸረር፣ ዘግይቶ ፕሮፌሰር።
ባሏ ኡርማስ ሄደ፤ አልተጣሉም ነበር፤
«በዝንብ ተበለጥኩ ብዬ ለማን ልናገር?»
ብሎ ሳቀ፣ በር ላይ፣
ቦቲ ጫማውን ትቶላት፣ ለረግረጉ።

ኮሚቴው በየዓመቱ፦ «ጥቅሙ ምንድን ነው?»
«እኔንጃ» ትላለች፤ «መኖሩን ነው የማውቀው።»
ለንብ አጥኚው ሄደ የዚያ ዓመት በጀት፤
እሷ በደመወዟ ገዛች መርፌና ወረቀት።

ሃምሳ ስምንት ዓመቷ።
ከቪየና ሙዚየም በውሰት የመጣ
አንድ ሳጥን፦ ጥጥ፣ ቡሽ፣ ቀለሙ የነጣ፣
ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ዝንብ፣
ግራ ክንፉ የወደቀ።
ገለበጠችው።
መቆንጠጫው ያው። ጥርሱ ያው። ፀጉሩ ያው፣ አንድ ባንድ።
ሚልዳ የሚባል ዝንብ የለም፤ ኖሮም አያውቅ፤
ሌላ ስም ነበረው፣
እሷ ሳትወለድ፣ እናቷም ሳትወለድ።

ካሬል፣ ተማሪዋ፣ በሩን ገፋ በእግሩ፦
«ጡረታዎ ደርሷል፤ ይቆይ ይኸ ነገሩ።
ሌላ ሰው ያግኘዋ። እስከዚያ ማን ያያል?»
«እኔ አይቼው የለ?» አለች። ሻይዋ ቀዝቅዟል።

ሁለት ገጽ ጻፈች። ቅጽል የለው፣ ይቅርታ የለው፤
«እኔ የሰየምኩት፣ ቀድሞ ስም ያለው ነው»
የሚል ብቻ፣ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን፤
አዘጋጁም አተመው፣ ነጠላ ሰረዝ ሳይነካ እንኳን።
በጉባኤው ሻይ ሰዓት
አንዱ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት፣
አንዱ ዞር አለባት፤
የቀረው አላነበበም።

የሙያው ሕግ ነው፤ አሮጌ ስም ከመርፌው አይነቀልም፤
አዲሱ ከሥሩ ይሰካል እንጂ፣ የቀደመው አይጣልም።
ዛሬም፣ መሳቢያ አርባ ሦስት፣ ከዝንቡ እግር በታች፣
የስንዴ ቅንጣት የምታህል ወረቀት፣
«ሚልዳ» እንዳለች አለች።

ጡረታ በወጣች፣ በመጀመሪያው መጸው፣
እንጉዳይ ስትከትፍ፣ የአንዱ ሆድ ትል ነው።
ልትጥለው አነሳች። እጇ ካየር ቀረ።
ብርጭቆ አወረደች፤ ክዳን ፈለገች፤
ክዳኑን በመርፌ ሦስት ቦታ ወጋች።